ማክሰኞ ማታ የተረፈ ወጥ

ባሕር ዳር ውስጥ ማክሰኞ ማታ የተረፈ የሥጋ ወጥ ረቡዕ ጠዋት በላተኛ የለውም። ጾም ነው። ሐሙስ ማታ የተረፈውም እንደዚያው፤ ዓርብ ይደርስበታል። የቅበላው የመጨረሻ እሑድማ አይወራ። ቤቱም ሆቴሉም ሥጋ ሲበላ ያመሻል። ሰኞ ሲነጋ የ55 ቀኑ ጾም ይገባል። ድስት ሥር የቀረው ቀይ ወጥ በአንድ ሌሊት የማንም ሳይሆን ይቀራል።

ይህን የምጽፈው ከእንዲህ ያለ ድስት ጋር ብዙ ስለዋልኩ ነው። የሠፈር ሰዎች ሰብሰብ ብለን ከሆቴል፣ ከሠርግ አዳራሽ፣ ከቅዳሜ ገበያና ከጣና ዳር የሚተርፈውን ምግብ እንሰበስባለን። አንድ ግቢ ውስጥ እናበስላለን። የሚበሉት የቀን ሠራተኞች፣ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ እናቶችና ልጆቻቸው ናቸው። ወር ሊያልቅ ሲል ኪሱ የሳሳ ወጣትም ጎራ ይላል። ማንንም "ለምን መጣህ?" አንልም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "ምግቡን ከየት ታገኛላችሁ?" ብሎ ነው። ማግኘቱ አያስጨንቅም፤ ምግብ ሞልቷል። የሚያስጨንቀው ሰዓቱ ነው። አንድ ድስት ወጥ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ ምግብ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ያው ድስት ሌላ ነገር ሆኗል። ከሌላው ጋር ከተደባለቀማ አበቃ። እኔ እንግዲህ ሽንጤን ገትሬ የምከራከረው ለዚህ ነው፤ የተረፈ ምግብ ለሰው የሚሆነው ሳይቀላቀልና ሳይቆይ ሲነሣ ነው። ማጓጓዙም፣ ማብሰሉም፣ ማከፋፈሉም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አዲስ አበባ የኖረ ሰው ቡሌን ያውቃል። ከሆቴል ሰሐን ላይ ተጠራርጎ፣ ወጡም ሩዙም ፓስታውም አንድ ላይ ተደባልቆ፣ በጥቂት ብር የሚሸጥ ትርፍራፊ ነው። የሚበላውን ሰው አልፈርድበትም። የራበው ሰው ምን ያድርግ? የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያ ሰሐን ሲጠራረግ ጓዳ ውስጥ ማንም ያልነካው፣ ከነትኩሳቱ ያለ ድስት ነበር። ቀድሞ ያነሣው ሰው ግን የለም። ቤቱ ሲዘጋጋ ሁለቱም አንድ በርሜል ውስጥ ይገባሉ። ንጹሑ ምግብ የሚበላሸው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕጋችን ጥብቅ ነው። ሰሐን ላይ የወጣ ምግብ አንወስድም። ያልተነካ ቢመስልም አንወስድም። ድስት ውስጥ ያለውን፣ ጓዳ የቀረውን የቡፌ ትሪ ብቻ ነው የምንቀበለው። እያንዳንዱም በየራሱ ዕቃ ይገባል፤ ድንቹ ከጎመኑ፣ ሩዙ ከወጡ አይገናኝም። ዕቃ ስል ደግሞ የምግብ ዕቃ ማለቴ ነው። የቀለም ባልዲ አጥቦ ወጥ መያዝ የተለመደ ነው፤ እባካችሁ ይቅር። ትኩስ ወጥ በፌስታል ማንጠልጠሉም እንደዚሁ ይቅር። ክዳኑ ግጥም የሚል ድስት ይሻላል። ባጃጅ ውስጥም አይፈስም።

አንድ የሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ስለዚህ ነገር ሳነጋግራቸው መጀመሪያ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እታለም፣ ሐሳብሽስ ጥሩ ነበር። አንድ ሰው ቢታመም ግን ማን ሊጠየቅ ነው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እንዲያውም ይህን የማይጠይቅ ወጥ ቤት ምግብ ባይሰጠኝ እመርጣለሁ።

"ጋሼ፣ ምግቡን ሲሰጡኝ ሰዓቱንም ይስጡኝ" አልኳቸው። "ድስቱ ከእሳት የወረደበትን ሰዓት ክዳኑ ላይ ይጻፉልኝ። ካላወቁት አይስጡኝ፤ አልቀየምዎትም።"

ተስማማን። አሁን ከዚያ ሆቴል የሚመጣ ድስት ሁሉ ክዳኑ ላይ ፕላስተር ተለጥፎበት፣ በማርከር ሰዓቱ ተጽፎበት ነው የሚመጣው።

ሰዓቱ ለምን ይህን ያህል አስጨነቀሽ የሚል ይኖራል። ምግብ የሚያበላሹና ሰው የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች በፍጥነት የሚራቡት በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ነው። ለብ ያለ ወጥ እዚያው መሐል ላይ ነው ያለው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ሙቀት 30 ዲግሪን ሲጠጋ፣ ምድጃ ዳር የተቀመጠ ድስት በራሱ አይቀዘቅዝም። ለብ እንዳለ ይውላል፣ ለብ እንዳለ ያመሻል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሰዓት ያለፈውን አንነካም። ወይ እንደጋለ ይቆይ፣ ወይ ዝርግ ትሪ ላይ ሳሳ ብሎ ይፈሰስና ቶሎ በርዶ ፍሪጅ ይግባ። ትልቅ ድስት ከነትኩሳቱ ፍሪጅ ውስጥ መክተት አይረባም። ዳሩ ይቀዘቅዛል፣ መሐሉ ግን እስኪነጋ ለብ እንዳለ ነው።

"ደግመሽ ብታፈዪውስ?" ይሉኛል። ማፍላቱ ግዴታ ነው። የምናሞቀው ሁሉ መሐሉ ድረስ ከ74 ዲግሪ በላይ መድረስ አለበት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ይበቃል። ችግሩ አንዳንዱ ባክቴሪያ ከመሞቱ በፊት ምግቡ ውስጥ መርዝ ይተዋል። መርዙን ማፍላት አያጠፋውም። ተቀቅሎ ሳይቀዘቅዝ ያደረ ሩዝ በዚህ የታወቀ ነው። እኛ ደግሞ ሩዝ በብዛት የሚበቅልበት የፎገራ ጎረቤቶች ነን፤ ሩዝ በየሆቴሉ በየቀኑ ይቀቀላል። ሰዓቱ ያልታወቀ ሩዝ፣ ሽታው ቢለወጥም ባይለወጥም፣ ለሰው አንሰጥም።

አንድ ቀን ልጅ ያዘለች እናት ሰሐኑን ከመቀበሏ በፊት "መቼ ነው የተሠራው?" ብላ ጠየቀች። ከጎኗ የነበሩ ሴትዮ "የሰጡሽን አትበዪም? ደግሞ ምርጫ አማረሽ?" ብለው ተቆጧት። ልጅቷ አፈረች። እኔ ክዳኑን አምጥቼ አሳየኋት፤ ሰዓቱን አይታ ተቀበለች። ያቺ እናት ልክ ነበረች። ሆቴል ገብቶ የሚከፍል ሰው "ትኩስ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ የሚቆጣው የለም። ያጣ ሰው ለልጁ ይህን ሲጠይቅ ለምን ይሳቀቃል? አሁን ክዳኖቹን ከየድስታቸው ፊት፣ ጽሑፉ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ እናቆማቸዋለን። ጠያቂም በዝቷል። ደስ ይለኛል።

ወደ ሥጋው ልመለስ። ሥጋ በእኛ አገር ከጾሙ ሌላ ድንበር አለው። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ስለዚህ የሥጋ ወጥ ሲመጣ የማን እንደሆነ ተጠይቆ፣ ድስቱም ጭልፋውም ለብቻው ሆኖ፣ ለሚበላው ሰው በግልጽ ተነግሮ ነው የሚቀርበው። ማክሰኞ ማታ የተረፈው በወጉ ከቀዘቀዘ ሐሙስ ምሳ ይደርሳል። መብራት ከጠፋ ግን አይደርስም፤ መብራት ደግሞ ይጠፋል። ረቡዕ ልንጠቀምበት የምንችለው ለማይጾሙት ትንንሽ ልጆችና ለታመሙ ብቻ ነው። ያም ቢሆን እናትየው ካልፈቀደች አይሆንም።

የጾም ድስት ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ድንች በካሮቱን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይበላዋል። ጿሚውም የማይጾመውም ይበላዋል። ለዚህ ነው የእኛ ዋና ድስት ዓመቱን ሙሉ የጾም የሆነው። ዘይት እንጂ ቅቤ አይገባበትም። በፋሲካ ሰሞን ሰዉ ሁሉ ዶሮ ዶሮ ሲል እንኳ ያ ድስት ከቦታው አይነሣም። ሁሉም ሰው ሳይጠያየቅ አንድ ላይ የሚቀመጥበት ገበታ እሱ ነው።

አሁን ደግሞ የምወደውን ላውራ። አሳ።

ጣና ዳር ጠዋት ጠዋት አሳ ይበለታል። ቆሮሶ ይመጣል፣ አምባዛ ይመጣል፣ ነጭ አሳ ይመጣል። ሆቴሎች አጥብቀው የሚፈልጉት ፊሌቶውን ነው። ከአንድ ቆሮሶ ደግሞ ፊሌቶ ሆኖ የሚወጣው ከክብደቱ ሲሶ ገደማ ነው። የቀረው ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ቆዳና ሆድ ዕቃ ነው። ሆድ ዕቃውን ፔሊካኖቹ ይውሰዱት፤ ዳር ቆመው የሚጠብቁትም ለዚያ ነው። ጭንቅላቱና አጥንቱ ግን ከነሥጋው ነው የሚጣለው። ጉንጩ ላይ፣ ከስንጥቡ ኋላ፣ በአጥንቱ መሐል የሚቀረው ሥጋ ቀላል አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሳው እንደተበለተ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ እንወስደዋለን። ስንጥቡን ነቅለን እንጥላለን፤ ሾርባውን የሚያመርረው እሱ ነው። ደሙ እስኪጠራ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመን እናጥባለን። ቀይ ሽንኩርት በዘይት ይቁላላል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላል። ከዚያ ጭንቅላቱና አጥንቱ ይገባና ውሃ ይሞላበታል። በለስላሳ እሳት ግማሽ ሰዓት ያህል ይንተከተካል፤ ብዙ ከቆየ ጣዕሙ ይበላሻል። ከዚያ በወንፊት ይጠለላል።

ቀጥሎ የጣት ሥራ ነው። ሴቶቹ ትሪ ከበው ይቀመጣሉ። ጭንቅላቱ በረድ ሲል ይፈለቀቃል። ጉንጩ ላይ አንዲት ክብ ሥጋ አለች፤ ከፊሌቶው ትጥማለች። የተፈለቀቀው ሁሉ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ይታሻል። ስስ አጥንት ካለ እዚያ ይታወቃል። እማማ የምንላቸው አንድ አረጋዊት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ጣታቸው ግን ማንም ያላየውን እሾህ ያገኛል። የእሳቸው እጅ ያላለፈበትን ለሕፃን አንሰጥም። "ቆይ፣ አትቸኩሉ፣ ልጅ ነው የሚበላው" ይላሉ ሁልጊዜ።

ሥጋው ወደ ሾርባው ይመለሳል። ካሮትና ድንች በደቃቁ ተከትፎ ይገባል። ከዘጌ የመጣ ሎሚ ከተገኘ ሊወጣ ሲል ይጨመቅበታል። ጡት የምታጠባ እናት ይህን ስትጠጣ ማየት ድካም ያስረሳል። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው እንደየቤቱ ይለያያል፤ እኛ አንዳኝም። በሁዳዴ ለብቻው ድስት ይቀመጣል፣ የፈለገ ይወስዳል።

በሾርባው ላይ ይህን ያህል የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሚተርፍ ምግብ ሁሉ ሰውነት አይገነባም። የሚተርፈው በአብዛኛው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ነው። ሆድ ይሞላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው ነበር። ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነበር። ለም መሬት፣ ትልቅ ሐይቅ፣ ጤፍና ወተት ያለበት ክልል ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲገባ በ2030 እ.ኤ.አ. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ለማስቀረት ነበር። እዚያ ቁጥር ውስጥ ያለ ልጅ ማታ እንጀራ በልቶ፣ ጠግቦ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። መጥገቡ ብቻ አያሳድገውም።

ስለዚህ በነፃ የመጣውን ብቻ አሙቀን አናቀርብም። ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች አንዳንዴ "ምግቡ በነፃ አይደል እንዴ የሚመጣው?" ይላሉ። እንጀራው በነፃ ይመጣል። ምስሩ ግን ይገዛል። እንቁላሉ ይገዛል። ከሰሉ ይገዛል። ብሩ የሚሄደው እዚያ ነው። ምስርና ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግም አንረሳም፤ ሰውነት ከእህልና ከቅጠል የሚያገኘውን ብረት በደንብ እንዲወስድ ይረዳል። ዱባ ሲገኝ ዱባ፣ ካሮት ሲረክስ ካሮት እንጨምራለን።

እንጀራው እንዲያውም ከሁሉ የበዛው ነው። በዚህ ሙቀት ሦስትና አራት ቀን ሲሆነው ይሻግታል። አንዲት ነጥብ ሻጋታ ያለበትን እንጀራ ሙሉውን እናስወግዳለን። ነጥቧን ቆርሶ ቀሪውን መብላት የለመድነው ነገር ነው፤ ነገር ግን ሻጋታው በዓይን ከሚታየው በላይ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። የዕለቱ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል። የሚበዛውን ደግሞ ሳያድር ቆራርሰን ንጹሕ ጨርቅ ላይ እናሰጣለን። በደንብ ከደረቀና እርጥበት ካልነካው ድርቆሽ ወራት ይቆያል። ክረምት ላይ፣ ሁሉ ነገር ሲወደድ፣ ያድነናል።

ለፍርፍሩ ስልስ ያስፈልጋል። ቲማቲሙ በአብዛኛው ከቆጋ ነው። መርአዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ የተሠራ ነው። ገበሬው ሁሉ ቲማቲሙን አንድ ሰሞን ሲያወጣ ዋጋው መሬት ይነካል። ቅዳሜ ገበያ ሲመሽ ለስለስ ያለው በሣጥኑ ይቀራል። መልሶ መጫኑ ለነጋዴው አያዋጣውም። "ንሱ፣ ውሰዱት፣ ከሚረገጥ" ይሉናል። የላላውን እንቀበላለን፤ የፈነዳውንና የሻገተውን እንተዋለን። በዚያው ምሽት ተቁላልቶ ካላደረ ነገ አይጠቅምም።

ይህ ሁሉ ለጎጃም ሰው እንግዳ ሥራ አይደለም። ቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ በየደጁ ሲዞር እያየን ነው ያደግነው። ስንት ቅኔ የተዘረፈው ከየቤቱ በተቆረሰ እንጀራ ነው። እናቴ ለተማሪ የምትሰጠውን ከገበታ በፊት ታነሣ ነበር። መሶቡ ሲከፈት መጀመሪያ የእሱ ድርሻ ይወጣል፣ ከዚያ እኛ እንቀርባለን። እኛ ከበላንበት አንሥታ ለተማሪ ስትሰጥ አይቼ አላውቅም። ያኔ ደግነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ትልቅ ጥንቃቄም ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ከዚያ ውስጥ 60 በመቶው የባከነው በየመኖሪያ ቤቱ ነው። ጉዳዩ የሆቴል ብቻ አይደለም ማለት ነው። እንደ እናቴ ቀድሞ ማንሣት በየጓዳው ይቻላል።

ድግሱም እንዲሁ ነበር። ዳስ በር አልነበረውም። ለተዝካሩም ለሠርጉም ነዳያን ድርሻ ነበራቸው። ተቀምጠው ይበሉ ነበር። አሁን ሠርጉ አዳራሽ ገብቷል። ቡፌው ውስጥ ነው፣ ጥበቃው በር ላይ ነው። አዳራሹን አልጠላውም፤ ኑሮው ተለውጧል፣ ቦታም የለም። ግን ዳሱ ሲቀር የነዳያኑ ቦታ አብሮ ቀረ፣ ምትክም አልተበጀለትም። ኮሚቴው ደግሞ እንዳያንስ ብሎ አብዝቶ ያዝዛል። ማነሱ ያሳፍራላ። መትረፉ ግን እንደ ክብር ይቆጠራል።

አሜሪካ ዋሽንግተን ውስጥ ሮበርት ኤገር የሚባል ሰው በ1989 እ.ኤ.አ. የተረፈ ምግብ ሰብስቦ ለተቸገሩ የሚያበስለውን ዲሲ ሴንትራል ኪችንን ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ምግቦች መካከል ከፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ በዓለ ሲመት ድግስ የተረፈው ይገኝበት ነበር። እኔን የነካኝ ግን ሌላው ሥራቸው ነው። ሥራ ያጡ ሰዎችን እዚያው ወጥ ቤት ምግብ አሠራር ያስተምራሉ። እኛም ጋ እንዲህ ያለ ነገር በራሱ መጣ። ከእኛ ጋር ሽንኩርት ስትከትፍ የነበረች አንዲት ልጅ ዛሬ ሆቴል ወጥ ቤት ተቀጥራለች። ማታ ማታ ቀድማ የምትደውልልን እሷ ናት። "እትዬ፣ አልጫ አለ፣ አሁን ነው የወረደው፣ ቶሎ ኑ" ትላለች።

ጥር ላይ ለምትድሩ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ። የአዳራሹን ውል ስትፈራረሙ አንድ መስመር አስጨምሩ። ቡፌው ሳይነሣ፣ ጓዳ የቀረው ያልተነካ ድስት በየዓይነቱ ተለይቶ እንዲወጣ ይጻፍ። ከሚዜዎቹ ወይም ከኮሚቴው አንድ ሰው ኃላፊነቱን ይውሰድ፤ ሙሽሮቹ በዚያ ሰዓት ስለ ድስት ሊያስቡ አይችሉም። ለሥጋው ቀኑን ቀደም አድርጋችሁ ንገሩን፤ ጄኔሬተር ያለው ቦታ ፍሪጅ እስክንለምን ጊዜ ይወስዳል። ድስቱን፣ ጭልፋውንና ባጃጁን እኛ ይዘን እንመጣለን። እናንተ ከእሳት የወረደበትን ሰዓት ንገሩን።